ነፋስ መዝጋቢዋ እናኑ

እናኑ ያረፈች ሰሞን ልቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅሁ። ፈገግ አልሁ ማለቴ አይደለም፤ የጋቢዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ፣ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ነው የሳቅሁት። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ስቅስቅ ብዬ የማለቅስ መስሏቸው «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያጥናህ» እያሉ ጀርባዬን ይደባብሱኛል።

ሳቁን ያመጣብኝ ወንድሟ ነው። ሞቷን ባሕር ዳር ሰምቼ ቡሬ ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኑ አስቀመጠኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን በጋሪ ስትወስዱት፣ የፈረሱ ስም ማን ነበር?» አለኝ።

«ዶክተር» አልሁት።

በቃ። ሁለታችንም ጋቢያችን ውስጥ ገባን።

ከእናኑ ጋር ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ጠባብ ክፍል አምስት ዓመት ሠርተናል። እሷ የደን ባለሙያ ነበረች፣ እኔ የመረጃ ሠራተኛ። የመረጃ ሠራተኛ ማለት ያን ጊዜ ደብዳቤ የሚተይብ፣ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት የሚያወጣና ኮምፒውተር ሲቆም አጥፍቶ የሚያበራ ማለት ነው። ሥራ የጀመርሁ ዕለት «እርስዎ» ብላት ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ።

«እርስዎ ያልኸኝ ማርጀቴን በምን አረጋግጠህ ነው?»

«ኧረ... ለአክብሮት ብዬ ነው።»

«አክብሮቱን ለራስህ ያዘው። ወንበርህን ግን ስጠኝ፤ ያንተው አይወዛወዝም።»

ወንበሬን ወሰደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እቴ እናኑ» እና «አንች» ሆነች፤ እኔም አምስት ዓመት ሙሉ በሚወዛወዘው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

አርባዎቹን አጋምሳ ነበር። አጠር፣ ደልደል ያለች፣ የወንድ ቦት ጫማ ከእግሯ የማይለይ ሴት ነበረች። በደርግ ጊዜ ችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኛነት ገብታ፣ ፕላስቲክ ውስጥ አፈር ስትሞላ ኖራ፣ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ዲፕሎማዋን ሠላሳን ካለፈች በኋላ ነው የያዘችው። ሳቋ ከቀልዱ ቀድሞ ይደርሳል። ገና ልትናገር ስታስብ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ይጀምርና እሷ ሳትጨርሰው እኛ ስቀን እንጨርሰዋለን። ብዙዎቹን ቀልዶቿን እስከ ዛሬ መጨረሻቸውን አላውቀውም።

ዘመኑ የቢ.ፒ.አር.፣ የመሥሪያ ቤት አሠራር ሁሉ እንደ አዲስ ይዘርጋ የተባለበት ነበር። የቢሯችን ግድግዳ በቀስትና በሳጥን ተሞልቶ፣ ማን የማንን ወረቀት ለማን እንደሚያቀብል የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፎበታል። በዚያ ሰሞን እናኑ ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዳ ስትመለስ፣ እንቁላል የያዘች ይመስል አንድ ሲዲ በጋዜጣ ጠቅልላ በደረቷ አቅፋ መጣች።

«ምንድን ነው?»

«ጠንቋይ» አለችኝ። ቆየት ብላ አሰበችበትና «አይ፣ ጠንቋይስ ዶሮ ነው የሚጠይቅ። ይኸ የሚጠይቀው መረጃ ነው» አለች።

ሲዲው ላይ ያለው ፕሮግራም ደን ለማስተዳደር የተሠራ ነበር። የደኑን ካርታ በትንንሽ ቁራሽ ከፋፍለህ ትሰጠዋለህ። የዛፉን ዓይነት፣ ዕድሜና ቁመት ትነግረዋለህ። ነፋስ፣ እሳትና ተባይ ምን ያህል እንደሚያሰጉት ትጨምርበታለህ። እሱም ያሰላና በየትኛው ዓመት የትኛውን ቁራሽ ብትቆርጥ፣ የትኛውን ብታቆይ፣ አደጋ በመጣ ጊዜ ጉዳቱ እንደሚቀንስ ይነግርሃል። አደጋ አይመጣም አይልም። እናኑን የማረካትም ይኸው ነበር። «ዛፍ የሚወድቀው አንድ ቀን ነው፤ ለመውደቅ የሚዘጋጀው ግን ብዙ ዓመት ነው» ትል ነበር።

ችግሩ ፕሮግራሙ የተሠራው ብርድ ለሚበዛበት ለፈረንጅ አገር መሆኑ ነው። መጀመሪያ የጠየቀን ክረምት ላይ በረዶው ስንት ሜትር እንደሚከመር ነበር። ዜሮ ብለን ጻፍን። አልቀበልም አለ። ደግመን ጻፍን። ቀይ ምልክት አወጣብን።

«ትንሽ እንስጠው» አለች እናኑ። «እንግዳ ነው፤ አገሩ ናፍቆት ይሆናል።»

ፍኖተ ሰላም ላይ የአንድ ጣት ውፍረት በረዶ አወረደችና ፕሮግራሙ ደስ ብሎት አለፈ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ስንገናኝ ሰላምታዋ «በረዶው እንዴት አደረ?» ሆነ።

ቀጥሎ የጠየቀን ግን በቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ባለፉት ዓመታት ዛፍ የሚጥል ነፋስ መቼ መቼ ነፈሰ? ከየትኛው አቅጣጫ? ቢሯችን ውስጥ የነፋስ መዝገብ የለም። የዝናብ መዝገብ ነበረን፤ እሱንም ግማሹን አይጥ በልቶታል።

«ወረቀቱ ባይኖር ሰዉ አለ» አለችና ቦርሳዋን አነሣች። በዚያ በጋ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን መንደሮች እየዞርን ነፋስ ስንጠይቅ ከረምን።

መጀመሪያ ያገኘናቸው አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ነበሩ።

«አባ፣ ዛፍ የጣለ ነፋስ ያስታውሳሉ?»

«እንዴታ! የቤተ ክርስቲያናችንን ቆርቆሮ የወሰደው አለ።»

«ሁሉንም ወሰደው?»

ቄሱ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ወደሚያወሩት አገልጋዮች ገልመጥ አሉና «የጣራውን ወሰደው። የተረፈው ቆርቆሮ ይኸውላችሁ፣ እስከ ዛሬ አብሮኝ ይቀድሳል» አሉ።

እናኑ መስቀላቸውን ልትሳለም ጎንበስ እንዳለች እዚያው ቀረች። ከሳቋ የተነሣ ቀና ማለት አቅቷት እኔ ነኝ በክንዷ ይዤ ያነሣኋት።

ዓመተ ምሕረት የሚነግረን አልነበረም። ሰው ሁሉ ነፋሱን የሚያስታውሰው ከራሱ ኑሮ ጋር አጣብቆ ነው። አንዲት እናት «የበኩር ልጄን ክርስትና ያስነሣሁ ዕለት ነው፤ ዳሱ ወንዝ ማዶ ተገኘ» ይላሉ። እናኑ የልጁን ዕድሜ ትጠይቅና ቀንሳ ዓመቱን ትጽፋለች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ ስሙን ስንጠይቀው «ነፋሱ» አለን። እናኑ ዓይኗ በራ።

«የተወለድህ ዕለት ምን ሆነ ወንድምዓለም?»

«የጎጆው ክዳን ሄደ። እናቴ እኔን ታቅፋ ሰማይ እያየች ነው የታረሰችው።»

«ከየት በኩል መጣ ይላሉ?»

«ከቆላው በኩል ነዋ! ሌላ ከየት ይመጣል?»

ሁሉም ያሉት ይህንኑ ነው። ኃይለኛው ነፋስ የሚመጣው ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከቆላው በኩል ነው። ልጅ ተወልዶ እረኝነት እስኪደርስ ድረስ አንድ ጊዜ ሳይመጣ አይቀርም። እናኑ በደብተር ጻፈች፣ እኔ ኮምፒውተር ላይ አስገባሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የደከመችው ለአንድ ደን ነው። መንገዱ ዳር ካለ ጉብታ ላይ የቆመ፣ በደርግ ዘመን በዘመቻ የተተከለ የፈረንጅ ጥድ ነው። እናኑ ራሷ ወጣት የቀን ሠራተኛ ሳለች ችግኙን በሳጥን ተሸክማ ወጥታ ተክላዋለች። ጉብታውን እኩል የሚከፍል የእግር መንገድ አለ፤ ግራው የላይ ሰፈር፣ ቀኙ የታች ሰፈር ገበሬዎች ድርሻ ነበር። ዛፉ ለመቆረጥ ደርሷል። የሁለቱም ሰፈር ልጆች የሚማሩት ዳስ ውስጥ ስለነበረ፣ በእንጨቱ ትምህርት ቤት ሊሠሩ፣ የተረፈውን ሊካፈሉ ሃያ ምናምን ዓመት ጠብቀዋል።

የቢሯችን ዕቅድ ቆረጣው ከመኪና መንገዱ ዳር እንዲጀመር ነበር። መኪናው በቀላሉ ይደርሳል፣ ጭነቱ አያስቸግርም። መንገዱ ያለው ግን በቆላው በኩል ነው። ፕሮግራሙ ያን ዕቅድ ስንሰጠው ደኑን በሙሉ ቀይ አደረገው። ከጀርባ፣ ከደጋው በኩል ጀምረን ወደ መንገዱ በዝግታ እየቆረጥን ብንመጣ ግን አብዛኛው አረንጓዴ ሆነ።

እናኑ ነገሩ ወዲያው ገባት። ዳር ያሉት ዛፎች ነፋስ እየገፋቸው ያደጉ ስለሆኑ ሥሮቻቸው ወፍራም ናቸው። ከኋላቸው ያሉት ግን ተከልለው ያደጉ፣ ረዣዥምና ቀጫጭን ናቸው። «ዘበኛውን አሰናብተህ ሙሽራይቱን ደጅ ታሳድራለህ እንዴ?» አለችኝ፣ እኔ ያሰናበትሁ ይመስል።

በስብሰባ ላይ ነገሩን ስታቀርብ ኃላፊያችን ወረቀቷን አገላብጦ አየና «እናኑ፣ ነፋሱ የተባለ ሰው ስለ ነፋስ የተናገረው መረጃ ተብሎ ይያዛል?» አላት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ነበረች። ዕንባዋን ጠርጋ ተነሣች።

«ይቅርታ፣ እርስዎ የተወለዱበትን ቀን የነገረዎት ማን ነው?»

«እናቴ ናት።»

«እኛም የጠየቅነው እናቶችን ነው።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ጥቂት ጢሙን አሻሸና «እንግዲያው ገበሬዎቹን አሳምኝ። ከጀርባ እንቁረጥ ያለ ከጀርባ ይቁረጥ፤ ከመንገዱ ያለ ከመንገዱ ይቁረጥ» ብሎ ወሰነ።

ገበሬዎቹ ግን በወሬ አናምንም አሉ። «ኮምፒውተሩ ራሱ መጥቶ ይናገር» አሉን። በመንደሩ መብራት የለም። የእህል ወፍጮው ግን ሞተር አለው፤ ባለወፍጮው ከሞተሩ ላይ አምፖል ያበራል። የቢሮ መኪና ለስብሰባ ሄዷል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን እስከ ቡሬ በአውቶቡስ፣ ከቡሬ ደግሞ በጋሪ ወሰድነው። ባለጋሪው ፈረሱን ዶክተር ብሎ የሰየመው ሲራመድ እጁን ኋላ ያጣመረ ሰው ስለሚመስል ነው አለን። እኔ አላየሁበትም፤ እናኑ ግን «እውነትም!» ብላ ማለች።

ኮምፒውተሩን አቧራ እንዳይገባው በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አቀፈችው። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ያየን ሁሉ በሽተኛ የያዝን መሰለው።

«እህትዓለም፣ ምኑን አመመው?» አሉ አንድ አዛውንት ቆም ብለው።

«ራሱን ነው አባባ።»

«ሐኪም አየው?»

«ይኸው ዶክተር ነው የያዘው!» አለች።

«እግዜር ይማረው!» ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ። እናኑ ፊቷን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረች። አዛውንቱ የምታለቅስ መስሏቸው ከሩቅ ሆነው ሁሉ ያማትቡልን ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ የሁለቱ ሰፈር ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ኮምፒውተሩ በተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጠ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ደኑ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ በአረንጓዴ ብቅ አለ። እናኑ መጀመሪያ የመንገዱን ዳር ቆረጠችና ነፋሱን ለቀቀችው። አረንጓዴው ረድፍ በረድፍ እየተነሣ ጠፋ።

ከዚያ አንድ ድምፅ ከኋላ «ድገሚው!» አለ።

ደገመችው። በእልልታ ተቀበሉት። ሦስተኛ ጊዜ አስደገሟት። አንዱ «የአማቴንም ባህር ዛፍ ጣይልኝ!» ሲል አማትየው ከሕዝቡ መካከል «የራስህን አጥር አስቀድማ ታቁምልህ!» ብለው መለሱለት። ከጀርባ የተጀመረውን ቆረጣ ስታሳያቸው ደግሞ ነፋሱ መጥቶ ዳሩ ላይ ጥቂቱን ነካክቶ አለፈ። በዚህ መሐል ባለወፍጮው ሳያስበው ጤፍ ለቀቀበትና ሞተሩ አቃሰተ፤ ደኑ ተጨማድዶ ድርግም አለ። «ነፋሱ ሞተ!» ብሎ ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያልሳቁት አያ ስንሻው ብቻ ነበሩ። የላይ ሰፈር ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው፤ ረጅም፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው። በዱላቸው ኮምፒውተሩን ጠቆሙ።

«አንች፣ ለመሆኑ ይህ ሳጥን ነፋስ አይቶ ያውቃል?»

«አያውቅም አያ። ያያችሁት እናንተ ናችሁ፤ የነገራችሁትም እናንተው።»

«ይሁን። ከጉብታው ጀርባ እስከ መንገዱ ያን ሁሉ ግንድ ማን ይሸከመዋል? ሳጥኑ ትከሻ አለው?»

ሰዉ በመስማማት አጉረመረመ። እውነታቸውን ነበር።

«ሳጥኑ የለውም» አለች እናኑ። «እኔ ግን አለኝ።»

የታች ሰፈር ሰዎች ከጀርባ እንጀምር አሉ። የላይ ሰፈር ሰዎች ከአያ ስንሻው ጋር መንገዱን መረጡ። እናኑ አልተቆጣችም። ቃሏን ግን ጠበቀች። ቆረጣው በተጀመረበት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም እየሄደች ከታች ሰፈር ሰዎች ጋር ግንድ ተሸከመች። ሰኞ ጠዋት ትከሻዋ አብጦ ስትመጣ «ሳጥኑን ሰላም በልልኝ፤ እኔ እጄን ማንሣት አልቻልሁም» ትለኝና ራሷ ትስቃለች።

ግንቦት ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ቢሮ ውስጥ ነበርን። የገበያው ቆርቆሮ ሁሉ መጮህ ሲጀምር እናኑ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። በቡሬ በኩል እያየች ምንም አልተናገረችም። እናኑ ዝም ስትል ያየኋት ያን ዕለት ብቻ ነው።

በማግሥቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድን። ከሩቁ ቀኙ የጉብታው ጎን ቆሞ አየነው። ዳሩ ላይ ጥቂት ቅርንጫፍ ተሰብሯል፣ አንዳንድ ግንድ ዘሟል፣ ሌላው ባለበት አለ። ግራው እንደ ታጨደ ጤፍ ተኝቷል። ግማሹ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ግማሹ ከወገቡ ተቀንጥሶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድሟል።

እናኑ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። «በእጄ ነበር የተከልኋቸው» አለች።

አያ ስንሻው ከወደቁት ዛፎች መካከል ወጡ። ሌሊቱን ያልተኙ ይመስላሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቷ ቆሙ።

«በይ እንግዲህ ተናገሪኝ፤ የመጣሁት ልሰማ ነው።»

እናኑ አፍንጫዋን ጠረገችና ቀና ብላ አየቻቸው። «አያ፣ ቆይተን እንጣላለን። አሁን ስንት መጋዝ አላችሁ?»

«ምን?»

«መጋዝ! ዝናቡ ሳይበረታ፣ ነቀዝ ሳይገባው ካነሣነው ግማሹ ለትምህርት ቤቱ ይሆናል። ስንት አላችሁ?»

አያ ስንሻው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ከዚያ ዞረው ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ መንደሩን ተጣሩ።

የመጣው ግን የእሳቸው ሰፈር ብቻ አይደለም። የታች ሰፈር ሰውም መጋዙንና ትከሻውን ይዞ ወጣ። ደቦው ቀናትን ፈጀ። እንደዚያ ያለ የደስታ ሥራ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም፤ ያ ሁሉ ጥፋት መሬት ላይ ተዘርግቶ ሰዉ ይዘፍን ነበር። አንድ የታች ሰፈር ጎረምሳ ግጥም አወጣ፦

«ነፋሱ ቆረጠ፣ መጋዛችን ዋለ፣
እናኑን ያልሰማ ቢሸከም ምን አለ!»

ተቀባዮቹ ፈሩ፤ ሁሉም አያ ስንሻውን አየ። እሳቸው ግንድ ትከሻቸው ላይ እንዳለ «ቢሸከም ምን አለ!» ብለው ከሁሉ አስበልጠው ተቀበሉ። እናኑ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሥራው ሲያልቅ አያ ስንሻው ወደ እኔ መጥተው «በዚያ በመዝገባችሁ ይህችን ዓመት ስንሻው ያልሰማባት ዓመት ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ። ጻፍሁት።

የድርሻ ክፍያው የታሰበውን ያህል አልሆነም፤ ከወደቀው ብዙው ማገዶ ሆኖ ቀረ። ትምህርት ቤቱ ግን በሚቀጥለው በጋ ቆመ።

ከዚያ እኔ ወደ ባሕር ዳር ተዛወርሁ። ልሰናበታት ብዬ ስጠብቃት «ቢሮ ውስጥ አልሰናበትም» ብላ ወደዚያው ጉብታ ወሰደችኝ። ቀላል ነፋስ ነበር። ቀኙ ደን ዳር ላይ ካለ አንድ ወፍራም ጥድ ሥር ደረስን።

«ጫማህን አውልቅ።»

«ለምን?»

«አውልቅ እንጅ! ሥሩ ላይ ቁም።»

ቦት ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን እንደ ወፍ ዘርግታ ቆመች። እኔም ካልሲዬን አውልቄ ከጎኗ ቆምሁ። ምንም የለም። ከዚያ ላይ ጫፉ ሲወዛወዝ ከእግሬ ሥር መሬቱ በቀስታ ከፍ አለና ዝቅ አለ። እንደ ተኛ ሰው ደረት። ጮህሁ።

«ይኸን ሳጥኑ አያውቀውም!» አለች በሳቅ እየተንፈራፈረች። «እኔ ከወጣትነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ፤ ለማንም ግን ተናግሬ አላውቅም፤ እብድ ይሉኛል ብዬ።»

ከቡሬ ገበያ የሚመለስ ገበሬ ጨው የጫነች አህያውን እየነዳ ደርሶ ቆመ። ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ባዶ እግራቸውን፣ እጃቸውን ዘርግተው ዛፍ ሥር ቆመው ይስቃሉ።

«ምነው፣ ደኅና አይደላችሁም እንዴ?»

«ደኅና ነን! ናማ ውጣ፣ መሬቱ እየተነፈሰ ነው!»

ሰውየው እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ አማተረ። ከዚያ የጎማ ጫማውን አውልቆ አህያዋ አጠገብ አስቀመጠና መጥቶ በመካከላችን ቆመ። ደኑ ጸጥ ብሎ ነበር። አህያዋ ጨው እንደተሸከመች ስታየን፣ ሦስታችንም እጃችንን ዘርግተን የሚመጣውን ነፋስ ጠበቅን።